አካውንቱ አድሚን ሆኖ ሳለ ሲኤምዲ ለምን ይከለክላል?

አዳማ_27፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 11 ላይ የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን ለመጠገን ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት) ውስጥ «ኤስኤፍሲ /ስካንናው» ሲጻፍ፣ አድሚኒስትሬተር መሆን አለብህ ብሎ ይቆማል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አካውንት አንድ ብቻ ነው፤ ሴቲንግ ውስጥም «አድሚኒስትሬተር» ይላል። ምን ጎደለ? ከዚያ በኋላ ዜድ በተባለው የኔትዎርክ ድራይቭ ላይ ያለ ባች ፋይል (ተከታታይ ትእዛዞችን የያዘ ፋይል) በዚያው መስኮት መሥራት አለበት።

የጥገና_ጠረጴዛ፦
ወንድሜ፣ አካውንቱ አድሚን መሆኑ ሌላ፣ መስኮቱ በአድሚን ሥልጣን መከፈቱ ሌላ ነው። ቪስታ ከተባለው እትም ወዲህ ዊንዶውስ አድሚን ተጠቃሚ ሲገባ ሁለት ቶክን (የሥልጣን መታወቂያ) ያዘጋጃል፤ አንዱ ሙሉ ሥልጣን ያለው፣ አንዱ የተቀነሰ። እንደ ወትሮው ክሊክ አድርገህ የምትከፍተው ሁሉ በተቀነሰው ነው የሚነሣው። ሙሉው የሚሰጥህ ጠይቀህ፣ ስክሪኑ ደብዘዝ ሲል በሚመጣው ጥያቄ ላይ «የስ» ካልክ ብቻ ነው።

የዊንዶውስ ቁልፍን ተጫንና ሲኤምዲ ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ ፍለጋው ምንም ስለማያወጣ ዊንዶውስና ስፔስን ተጭነህ ቀይረው። ውጤቱ ሲመጣ ኢንተርን ብቻውን አትንካ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢንተርን አንድ ላይ ተጫን። በማውዝ ከሆነ ቀኝ ክሊክ አድርገህ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን ምረጥ። ዊንዶውስና ኤክስ ስትጫን በሚወጣው ዝርዝር ላይ ያለው «ተርሚናል አድሚን» የሚከፍትልህ አብዛኛውን ጊዜ ፓወርሼል የተባለው ሌላ የትእዛዝ መስኮት ነው፤ ኤስኤፍሲ እዚያም ይሠራል፤ ሲኤምዲ ብለህ ብትጽፍበትም ሥልጣኑ አብሮ ይተላለፋል።

ቀድሞ የተከፈተን ተራ መስኮት ወደ አድሚን ማሳደግ ግን አይቻልም። ዝጋውና አዲስ ክፈት። ከላይ ርእሱ ላይ «አድሚኒስትሬተር» የሚል ካልታየ አልተሳካም ማለት ነው።

ኤስኤፍሲ የተበላሸ ፋይል አግኝቶ መጠገን ካቃተው «ዲስም /ኦንላይን /ክሊንአፕ-ኢሜጅ /ሪስቶርሄልዝ» በልና ኤስኤፍሲን ድገመው። ዲስም ጤነኛ ፋይሎችን ከዊንዶውስ አፕዴት ስለሚያወርድ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል።

ባለ_ሰርቨር፦
ስለ ባች ፋይሉ ሁለት ነገር ልጨምር። በአድሚን የተከፈተ መስኮት የሚጀምረው ከአንተ ፎልደር ሳይሆን ሲስተም32 ከተባለው የዊንዶውስ የራሱ ፎልደር ነው። ባች ፋይልን ቀኝ ክሊክ አድርጎ በአድሚን ማስነሣትም እንደዚሁ። ስለዚህ ሙሉ አድራሻ ሳይጽፍ የፋይል ስም ብቻ የሚጠራ ስክሪፕት «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል። የሚሰርዝ ትእዛዝ ካለበት ደግሞ ሲስተም32 ውስጥ ሊሰርዝ ስለሚችል ሳታነበው አታስነሣው! መጀመሪያው መስመር ላይ «ፑሽዲ "%~ዲፒ0"» ቢገባ ስክሪፕቱ ወዳለበት ፎልደር ይወስደዋል። ሲዲ የሚለው ትእዛዝ ግን በሁለት ኋላ-ስላሽ በሚጀምር የኔትዎርክ አድራሻ ላይ አይሠራም።

አዳማ_27፦
አመሰግናለሁ፣ ስካኑ ሠራ። አሁን ግን ዜድ ድራይቭ በዚህ መስኮት የለም ይላል፤ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ይታያል።

ባለ_ሰርቨር፦
ምክንያቱ ያው ሁለቱ ቶክን ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ የመግቢያ ክፍለ ጊዜ አለው፤ ዜድን ያገናኘኸው በተቀነሰው በኩል ስለሆነ ሙሉው አያውቀውም። እዚያው አድሚን መስኮት ውስጥ «ኔት ዩዝ ዜድ፡» ብለህ የሰርቨሩንና የሼሩን (የተጋራውን ፎልደር) አድራሻ አስከትል፤ ወዲያው ይመጣል። በየጊዜው የሚያስፈልግ ከሆነ በሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) «ኢኔብል ሊንክድ ኮኔክሽንስ» የሚባል ዲወርድ (የቁጥር ቅንብር) በ1 ፈጥሮ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ይቻላል፤ ለአንድ ጊዜ ሥራ ግን ሬጅስትሪ መንካት አያስፈልግም።

ጥቁር_መስኮት፦
ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም፦ «የስ» ከማለት ይልቅ ፓስዎርድ ከጠየቀ አብዛኛውን ጊዜ አካውንቱ አድሚን አይደለም። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ፓስዎርዱ ያለው አይቲ ክፍል ጋ ነው። ብዙ ቦታ እንደሚመከረው ያን ጥያቄ ከነጭራሹ ማጥፋት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ያኔ ከፍላሽ የገባ ቫይረስም ሳይጠይቅ ሙሉ ሥልጣን ያገኛል። የስታርት ሜኑ ራሱ እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ «ራን ኒው ታስክ» ውስጥ ሲኤምዲ ጽፋችሁ ከሥሩ ስለ አድሚን ሥልጣን የሚለውን ሣጥን ምልክት አድርጉበት።