የካዚኖ መልክ ያለው የጥያቄና መልስ ውድድር በዙም

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ለ12 ተማሪዎች ነው፤ ገንዘብ የለበትም፣ ነጥብ ብቻ። ውርርዱን እንዴት ላስኪደው?

መልስ (ባሕር ዳር)፦ መምህር፣ ለእያንዳንዱ 100 ነጥብ ይስጡ። መጀመሪያ ምድቡን ብቻ ይንገሯቸው፤ «የጎጃም መልክዓ ምድር» ብለው። ውርርዱ ከተዘጋ በኋላ ነው «ግሽ ዓባይ በየትኛው ወረዳ ነው?» የሚሉት (ሰከላ)። ጥያቄውን አስቀድመው ካዩ፣ መልሱን የሚያውቅ ሁሉ ያለውን በሙሉ ያስይዛል፤ ውርርዱ ትርጉም ያጣል።

መልስ (ፍኖተ ሰላም)፦ ጣሪያም ያብጁለት፤ በአንድ ዙር ከግማሽ በላይ አይያዝ፣ አለዚያ ብዙዎቹ በጊዜ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሩሌት (ኳስ የሚጣልበት፣ ቁጥሮች ያሉት የካዚኖ መሽከርከሪያ) ካስገቡ ባለ 37 ቁጥሩ ይሻላል፦ 18 ቀይ ለቀላል ጥያቄ፣ 18 ጥቁር ለከባድ፣ አረንጓዴዋ ዜሮ ለእጥፍ ነጥብ።

መልስ (ደጀን)፦ ቀድሞ የመለሰን አይሸልሙ፤ ኔትወርኩ የዘገየበት ልጅ ይበደላል። 30 ሰከንድ ይስጡ፤ ተማሪዎቹ መልሱን ለእርስዎ ብቻ በግል ቻት ይላኩ። በጋራው ቻት ከሆነ ይኮራረጃሉ።