ክርክር፦ የጎዳና ሙዚቀኛ ፈቃድ ያውጣ?

አወያይ፦
የለንደኑ ዌስትሚንስተር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የጎዳና ሙዚቀኞችን በፈቃድ ያስተዳድራል። ክፍያው ለስድስት ወር 20 ፓውንድ ነው፤ መቆሚያውም መሬት ላይ ምልክት የተደረገበት ነው። እንዲያም ሆኖ በ2025 እዚያው ለንደን ሌስተር ስኩዌር አደባባይ ላይ ሙዚቃው እንዲቆም ተደረገ። ኒው ዮርክ ደግሞ መንገድ ላይ ለሚጫወት ሰው ፈቃድ አትጠይቅም፤ የምትጠይቀው ለድምፅ ማጉያው ነው። አዲስ አበባም ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና አደባባይ እየሠራች ነው። የትኛው ይሻላታል?

ደንብ አዋቂ፦
ፈቃድ ይኑር። ከሌለ ጥሩውን ቦታ የሚይዘው ጉልበተኛው ነው። ፈቃድ ካለ ስም ይታወቃል፣ ተራ ይያዛል፣ አቤቱታ ሲመጣም የሚጠራ ሰው አለ። ደንብ አስከባሪውም ዛሬ ፈቅዶ ነገ ማሲንቆ አይቀማም።

ትዝታ ሜጀር፦
ስምና ተራ ድምፅ አይቀንሱም። ሌስተር ስኩዌር ላይ ሁለቱም ነበሩ። ከሳሹ አደባባዩ ላይ ቢሮ ያለው የሬዲዮ ኩባንያ ግሎባል ነው፤ ተከሳሹ ግን ሙዚቀኛው ሳይሆን ምክር ቤቱ! ቦታውን ለይቶ የሰጠው እሱ ነዋ። ዳኛው ዋናው ችግር የድምፁ ኃይል ነው አሉ፤ የዘፈኖቹ መደጋገምና የአንዳንዶቹ ጥራት ማነስ እንዳባባሰውም አከሉበት። መንገደኛ ሦስት ደቂቃ ሰምቶ ያልፋል፤ ፎቅ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን ያንኑ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ፈቃዱ ይህን አላየም።

አንቺሆዬ፦
ነገሩ የመሣሪያ ጉዳይ ነው። የኒው ዮርክ የምድር ባቡር ደንብ ለሙዚቀኛ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ግን 1.5 ሜትር ላይ ሲለካ ድምፁ ከ85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) እንዳይበልጥ፣ ባቡር መሳፈሪያው ላይ ማጉያ እንዳይኖር፣ ማስታወቂያ ሲነገር እንዲቆም፣ ደረጃ እንዳይዘጋ ያዛል። አሁን ሒሳቡን እንየው። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ 85 የነበረው 15 ሜትር ላይ 65 ይሆናል። የእኛ አገር የአካባቢ ድምፅ መመዘኛ ለንግድ ሰፈር በቀን 65፣ በማታ 55 ስለሚል 15 ሜትር ላይ ለቀኑ ልክክ ይላል። በመስታወት ፎቆች መካከል ግን ድምፁ እየተመላለሰ ስለሚነጥር ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ቤዙም (ወፍራሙ ድምፅ) መስኮት ቢዘጋ እንኳ ያልፋል።

ሌላው ችግር ፉክክሩ ነው። ባለ 50 ዋት ማጉያውን በ3 ዴሲቤል ለመብለጥ 100 ዋት፣ በ10 ለመብለጥ 500 ዋት ያስፈልጋል። ሁለት ስፒከር አጠገብ ለአጠገብ ካስቀመጣችሁ እስከ ማታ ሁለቱም መጨረሻ ቮልዩም ላይ ናቸው። ማሲንቆ የያዘውማ ከዚያ በፊት ዕቃውን ሰብስቦ ሄዷል።

ደንብ አዋቂ፦
እሺ እህቴ፣ ማን ይለካዋል? አብዛኛው ሰው ስልኩ ላይ አፕ አውርዶ ነው የሚከራከረው።

አንቺሆዬ፦
ስልክ አይታመንም። በ94 ዴሲቤል ካሊብሬተር (ልኩ የታወቀ ድምፅ በሚያወጣ ማስተካከያ) የተስተካከለ መለኪያ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሙዚቃው ቆሞ ይለካል፣ ቀጥሎ እየተጫወተ። ጭማሪው 3 ከሆነ ሙዚቀኛው ከመኪናው ጫጫታ እኩል ነው ማለት ነው፤ 10 ከሆነ ግን ያለጥርጥር እሱ ነው። ንባቡንም አቤት ባዩ መስኮት ላይ ውሰዱት፤ ስፒከሩ ሥር ቆሞ መለካት ዋጋ የለውም።

ጠበቃው፦
ከሕግ በኩል ልግባ። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጽን ጭምር ይጠብቃል። አሜሪካኖቹ ይህን ደጋግመው ተከራክረውበታል። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኒው ዮርክ የሴንትራል ፓርክ ኮንሰርቶችን ድምፅ መቆጣጠር ትችላለች ብሎ ፈረደ። በ2009 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ብቻውን የሚጫወት ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድደውን የሲያትል ደንብ ሻረው። ድምፁን መገደብ ሕጋዊ ነው፤ ሰውዬውን አስቀድሞ ማስፈቀድ ግን ከበድ ያለ ምክንያት ይጠይቃል።

ደንብ አዋቂ፦
ስለዚህ ለስፒከሩ ብቻ ፈቃድ? ተራውስ?

ትዝታ ሜጀር፦
ስፒከሩ ላይ ይሁን። ኒው ዮርክ ውስጥ ማጉያ የሚፈልግ ሰው ከአምስት ቀን በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ 45 ዶላር ከፍሎ ያወጣል፤ ክራሩን ብቻ ይዞ ለሚቆም ይህ ሁሉ የለም። ተራውን ራሳቸው ይያዙት። የለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ያሉት ትርኢት አቅራቢዎች የዌስትሚንስተርን ፈቃድ እንቢ ብለው ሰዓቱን በመካከላቸው ይከፋፈላሉ።

ደንብ አዋቂ፦
እነሱ ለዓመታት የሚተዋወቁ ናቸው። አዲስ የመጣውን ልጅ ማን ያስገባዋል? እኔ ሐሳቤን የምለውጠው ግማሹን ነው፦ ያለ ማጉያ ነፃ፣ በማጉያ በፈቃድ፣ ጥሩዎቹ ቦታዎች ላይ ግን ተራው ከተማው ዘንድ በዕጣ ይውጣ።

ጠበቃው፦
ከተማው ዕጣ ካወጣ ቦታውን ሰጠ ማለት ነው፤ እንደ ዌስትሚንስተር ተከሳሽነቱም አብሮት ይመጣል።

አንቺሆዬ፦
አንድ የረሳነው አለ። ላሊበላዎቹ ሌሊት በየደጃፉ እየዞሩ ነው የሚዘፍኑት፣ ያውም ጎህ ሳይቀድ። የመኖሪያ ሰፈር የማታ ልክ 45 ዴሲቤል ነው፤ ሰው በተለመደው ድምፅ ሲያወራ እንኳ አንድ ሜትር ላይ ወደ 60 ይደርሳል። ማጉያ የላቸውም፣ ቦታ አይይዙም፣ በደንቡ ቁጥር ግን ሁሉም ጥፋተኞች ናቸው። እነሱን የት ልታደርጓቸው ነው?