ላየንሃርት ላይ ከባርሴሎና ከወጣሁ በኋላ በየደቂቃው እየሞትኩ ነው፤ እንደ አዲስ ልጀምር?

ቀዩ ጎራዴ፦
ሰላም ቤተሰብ። "ላየንሃርት፦ ሌጋሲ ኦፍ ዘ ክሩሴደር" የሚባለውን የ2003 ጌም በቅናሽ አግኝቼ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ዘመኑ 1588 ነው፤ ቦታው ባርሴሎና። ግን ከተማዋ የታሪክ መጽሐፍ ላይ ያለችው አይደለችም። በመስቀል ጦርነት ጊዜ በተሠራ አንድ ክፉ አስማት ዓለም ተሰንጥቃ አጋንንትና መናፍስት ገብተውባታል። አንተ የእንግሊዙ ንጉሥ የልበ አንበሳው ሪቻርድ ዘር ነህ፤ ውስጥህም አንድ መንፈስ ይኖራል።

ከተማዋን ስወዳት! ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን አገኘሁ፣ ከሼክስፒር ጋር አወራሁ። ሌቭል በጨመርኩ ቁጥር ፖይንቴን ሁሉ ስፒች (የንግግር ችሎታ) ላይ አፈሰስኩ። ምላሴ ሰላ፤ ሰይፌ ዛገ። ከዚያ ከከተማ ወጣሁ። በቃ፣ እዚያው አለቀልኝ። የሚመጣብኝ ሁሉ በሦስት ምት ይጥለኛል።

አንድ የቆየ ሴቭ አለኝ፣ ባርሴሎና ውስጥ እያለሁ ያደረግኩት። ወደሱ ልመለስ ወይስ ከዜሮ ልጀምር? ደግሞ አንዳንዴ ሴቭ አድርጌ ወጥቼ ስመለስ ሴቩ የለም። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው።

አሮጌው ተጫዋች፦
አይዞህ ወንድሜ፣ በዚህ ጉድጓድ ያልወደቀ የለም። እኔም ያኔ ኢንተርኔት ካፌ ቤት ውስጥ እየተጫወትኩ እንዳንተው ነበር የገባሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙን የሠራው ሪፍሌክሲቭ የሚባል ኩባንያ ነው፤ ያወጣው ግን ፎልአውት የሚባለውን ጌም ያመጣው ብላክ አይል ነው። ስፔሻል የሚባለውን የፎልአውት ሥርዓትም ተውሰዋል። ጉልበት፣ አስተውሎት፣ ጽናት፣ ሞገስ፣ ብልሃት፣ ቅልጥፍና፣ ዕድል፣ ሁሉም አለ። ፎልአውትን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ "በአፌ አልፋለሁ" ይላል። አይፈረድበትም። በ1997ቱ ፎልአውት የመጨረሻውን ጠላት ሳይቀር በንግግር ማሳመን ይቻል ነበር። ከዚህም ሌላ እዚያ ውጊያው በተራ ነው፤ አንተ ትመታለህ፣ እሱ ይጠብቃል። እዚህ ማንም ተራህን አይጠብቅልህም።

ላየንሃርት ሁለት ጌም ነው ብለህ ያዘው። ባርሴሎና የወሬ ጌም ናት። ከባርሴሎና ውጭ ያለው የቆረጣ ጌም ነው። ያኔ የገመገሙትም ይህንኑ ነው የተቹት። ጌሙ ነሐሴ ላይ ወጣ፣ ብላክ አይል ታኅሣሥ ላይ ተዘጋ። ሁለተኛው ግማሽ ተቻኩለው የጨረሱት ይመስላል፤ ይሄ ግን የኔ ግምት ነው።

መልሴ፦ ከዜሮ ጀምር። መጀመሪያ አንድ የመግደያ ስኪል ምረጥ፣ የአንድ እጅ ሰይፍ ይሁን የሁለት እጅ፣ እሱ ላይ አፍስስ። ትንሽ ኢቬዥን ጨምርበት፣ እንዳይነኩህ። አስማቱ ሦስት ዓይነት ነው፦ ዲቫይን (የመለኮት)፣ ቶት (የአእምሮ) እና ትራይባል (የጎሳ)። ከሦስቱም እየቀመስክ አትሂድ። ከሁሉም ጥቂት ጥቂት የያዘ ካራክተር ከስፒች ብቻውም የባሰ ነው።

ሚሚ ዘሰሚት፦
ጋሼ አሮጌው፣ ልጁ ሁለት ሳምንት ደክሞበታል! ዝም ብሎ ይጣለው ነው የምትለው?

ቀዩ፣ መጀመሪያ ያንን የባርሴሎና ሴቭ ሞክር። እዚያ ያልጨረስከው ሥራ አለህ ብዬ እገምታለሁ። ቴምፕላሮቹ (የመስቀል ጦር መነኮሳት ወታደሮቹ) ጋ ገብተሃል? የሙስሊሙ ሱልጣን የሰላሃዲን ባላባቶች ጋስ? ወደ አንዱ ከተጠጋህ የሚሰጥህ ሥራ አለ፤ ሥራው ደግሞ ሌቭል ነው። ከአሁን በኋላ ግን ስፒች ላይ አንድ ፖይንት እንዳትጨምር። ያለህ ይበቃሃል። የሚቀጥለውን ሁሉ ሰይፍ ላይ።

ገንዘብህን ሁሉ ፖሽን (ቁስል የሚያድን መጠጥ) ግዛበት። አትሰስት። ጌጠኛ ጋሻ አይቼ ፖሽን ሳልይዝ ወጥቼ ያለቀስኩበትን ቀን አልረሳውም። ሲከቡህ ደግሞ ሜዳ ላይ አትቁም፤ ወደ በር ወይም ወደ ጠባብ መንገድ ሽሽ። እዚያ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚመጡት።

እኔ የጨረስኩት በሰይፍና በዲቫይን አስማት ነው። ዲቫይን ያድናል፤ ሌላው ሁሉ ቅንጦት ነው።

አሮጌው ተጫዋች፦
ሚሚ እህቴ፣ ይሞክረው፣ አልከለክልም። ግን አንድ ሳምንት ተጨማሪ ሞቶ ወደኔ ምክር እንደሚመለስ እወራረዳለሁ። ቡና በኔ።

ዘሃይፋ፦
የጌሙን ምክር ለነሱ ልተው፤ እኔ ሰባት ዓመት ያልነካሁት ጌም ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ቅርቤ ነው።

ያ አስማት የተሠራበት ከተማ እዚህ እስራኤል ያለው ዓኮ ነው፤ ፈረንጆቹ አክሬ የሚሉት። ከሃይፋ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከአሮጌው ከተማ ሥር የመስቀል ጦረኞቹ አዳራሾች እስከ ዛሬ አሉ፤ ልጆቼን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ሪቻርድ ከተማዋን የያዘው በሐምሌ 1191 ነው። የእስረኞቹ ቤዛ ሲዘገይበት በነሐሴ ወር 2,700 ያህሉን አስገደለ። ይህ የእውነት የሆነ ነው። ጌሙ ታሪኩን የሚያጣምመው እዚህ ላይ ነው፤ ግድያውን የአስማቱ ማገዶ ያደርገዋል። ስንጥቁን ለመድፈን ሪቻርድና ሰላሃዲን አንድ ላይ ይቆማሉ። በእውነቱ ግን የተለያዩት በ1192 እርቀ ሰላም አድርገው ነው፤ ወዳጅነት የሚባል አልነበረም።

የሰዎቹን ዕድሜም ስታሰሉት ያስቃል። ሊዮናርዶ የሞተው በ1519 ነው፣ እዚህ በ1588 ይራመዳል። ቴምፕላሮች በ1312 ፈርሰዋል፣ እዚህ አሉ። ሼክስፒር ግን በትክክል የ24 ዓመት ጎረምሳ መሆን ነበረበት። በኛ አገር ያን ጊዜ ዙፋኑ ላይ የነበሩት አፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው። እሳቸውን ቢያስገቧቸው ኖሮ ውጊያውን እሳቸው በጨረሱልህ።

ኬብሉ፦
ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ሴቩን ማንም አልመለሰለትም። 😄

ቀዩ፣ የድሮ ጌሞች ብዙዎቹ ሴቩን የሚጽፉት ራሳቸው ያሉበት ፎልደር ውስጥ ነው። ጌሙ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ከተጫነ አዲሱ ዊንዶውስ እዚያ እንዲጽፍ አይፈቅድለትም፤ ወይ ይከለክለዋል ወይ ሌላ ቦታ ይደብቅበታል። መጀመሪያ ያሉህን ሴቮች ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ከዚያ ጌሙን አጥፋና ሲ ድራይቭ ላይ "ጌሞች" የሚል ፎልደር ከፍተህ እዚያ ጫነው። አሁንም ካስቸገረ የጌሙ ምልክት ላይ ራይት ክሊክ አድርግ፣ ፕሮፐርቲስ ግባ፣ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ክፈትና ዊንዶውስ ኤክስፒን ምረጥ።

ደግሞ በአንድ ሴቭ ላይ ደጋግመህ አትጻፍ። አምስት ስድስት ይኑርህ፤ ቦታ አይፈጅም።

ቀዩ ጎራዴ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመዘግየቴ ይቅርታ፣ መብራት አልነበረም።

ሴቩ ተስተካክሏል። ኬብሉ እንዳልከው ሲ ላይ ከጫንኩት ወዲህ አንድም አልጠፋም።

የሚሚን ምክር ሞከርኩ። አራት ቀን ባርሴሎና ውስጥ የቀረውን ሥራ ሁሉ ለቃቀምኩ፣ ሦስት ሌቭል ወጣሁ፣ ከተማዋን ለቅቄ ስወጣ ግን ሞትኩ። ጋሼ አሮጌው፣ ውርርዱን በልተሃል። አሁን ከዜሮ ጀምሬ የአንድ እጅ ሰይፍና ዲቫይን ይዣለሁ፤ ሁለተኛው የሚሚ ምክር ነው፣ እሱ ሠርቷል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ካራክተሬ ዴሞኪን (የጋኔን ደም ያለበት ዘር) ነበር። ኢንኩዊዚሽኑ (መናፍቃንን የሚያሳድደው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት) ያፈጥብኝ ነበር። አሁን ንጹህ ሰው ልሁን?

ሚሚ ዘሰሚት፦
ኢንኩዊዚሽኑ አስማት የሚነካ ሁሉ ላይ ያፈጣል፤ ዘርህ ላይ ደግሞ አስማት ከታየ ይብሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጨረስ ከሆነ ንጹህ ሰው ሁን። ቀንድ ያለውን ለሁለተኛው ዙር አስቀምጠው፣ እሱ ለደስታ ነው።

ቡናውን ለጋሼ አሮጌው እኔ ነኝ የምገዛው። ፖሽን ስንት ያዝክ?

ቀዩ ጎራዴ፦
አሥራ አንድ።

ሚሚ ዘሰሚት፦
ተመለስና ጨምር።