ልጅ ወላጁን እንዲጦር ሕግ ያስገድደው?

ቀና ሰው፦ ለዚህ ግሩፕ ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። እያለው ወላጁን የማይረዳ ልጅ በሕግ ተገዶ ይክፈል ወይስ አይክፈል? እኔ ይክፈል ባይ ነኝ። ሕፃን ጥሎ የሄደ አባት ቀለብ ቁረጥ ይባላል። ያኔ ማንም ተነስቶ «ፍቅር በግድ አይሆንም» ብሎ አይከራከርለትም። ተራው የልጅ ሲሆን ምን አዲስ ነገር መጣ? ደግሞ ያደረጉት አሉ። ሲንጋፖር በ1995 ሕግ አውጥታለች (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ዕድሜው 60 የሞላና ራሱን መቻል ያቃተው ወላጅ ልጆቹ ላይ ቀለብ ማስቆረጥ ይችላል። ሕንድም በ2007 ተከትላለች። እዚያ ሽማግሌ ወላጁን የጣለ ሰው እስከ 3 ወር ሊታሰር ይችላል።

ዝምታ፦ ምሳሌውን አንተው አመጣኸው። ያ ጥሎ የሄደ አባት ሲያረጅስ? ዕድሜውን ሙሉ ጠፍቶ፣ ጉልበቱ ሲያልቅ «ልጄ» ብሎ ቢመጣ ይከፈለው?

ሰፈርተኛ፦ ኧረ እዚህ ጋ ነው ጨዋታው!

የሕግ ሰው፦ ሲንጋፖሮች አስበውበታል። ወላጁ ልጁን ጥሎት ወይም ሲያንገላታው ኖሮ ከሆነ፣ ክፍያው ሊቀነስ ወይም ጭራሽ ሊቀር ይችላል። በ2023 ደግሞ ጠበቅ አደረጉት። እንዲህ ያለ ወላጅ አቤቱታ ከማቅረቡ በፊት መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የሕንዱ ሕግ ውስጥ ያለ ሌላ አንቀጽ ነው። ወላጅ «ትጦረኛለህ» በሚል ግዴታ ቤቱን ለልጁ በስጦታ ያስተላልፋል እንበል። ልጁ ስሙን ካዞረ በኋላ ፊቱንም ካዞረ፣ ስጦታው ሊፈርስ ይችላል። በሥራዬ የማየው ብዙው ለቅሶ ከዚህ የሚነሳ ነው። ሰው በቁሙ ሁሉንም ይሰጥና በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል።

ሰፈርተኛ፦ ቻይና ደግሞ በ2013 ልጆች ወላጆቻቸውን ቶሎ ቶሎ ይጠይቁ ብላ በሕግ አስገብታለች። ቶሎ ቶሎ ማለት በስንት ጊዜ እንደሆነ ግን ሕጉ አይልም። በዓመት አንዴ ብቅ የሚለውም «ጠይቄያለሁ» ይላል።

ሦስተኛዋ ልጅ፦ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ብር ነው። እናታችንን የያዝኳት እኔ ነኝ። የመርሳት በሽታ አለባት። ወንድሞቼ ይልካሉ፣ አልክድም። ብር ግን ሌሊት አይነሳም። መሸት ሲል ትነሳና «ቤቴ ልሂድ» ትለኛለች፣ ገዛ ቤቷ ውስጥ ቆማ። መጀመሪያ መጀመሪያ እከራከራት ነበር፤ ይብስባታል። አሁን ጫማዋን አደርግላትና እጇን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እንላለን። «ደረስን?» ትለኛለች። «ደረስን» እላታለሁ። ከዚያ ትተኛለች፣ ካልታደልኩ ደግሞ እንደገና ትነሳለች። ይህን እንዲያደርግ ልጅን የሚያዘው የትኛው ዳኛ ነው?

ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ወንድሞቼ ሲደውሉ «አይዞሽ፣ ፈጣሪ ይከፍልሻል» ይሉኛል። እሱስ ይከፍላል። የጡረታ መዋጮዬን ግን ማን ይክፈልልኝ? እኔ ሳረጅስ?

ቀና ሰው፦ እህቴ፣ ልፋትሽን አላቃለልኩም። ግን እነሱ የሚልኩት እንኳ ባይኖርስ? ሕጉ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

ሲስተር፦ ከሥራዬ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ፍቅርም ብቻውን አይበቃም። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ተረከዙና ወገቡ ሥር ያለው አጥንት ላይ ቁስል ይጀምራል። ቤተሰቡ ቦታው መሞቁን ወይም መጠንከሩን ሲያይ በቅባት ያሻል። በቅን ልብ ነው፣ ግን የተጎዳውን ሥጋ የባሰ ይጎዳዋል። ከቦታው ላይ ጫናውን ማንሳት ነው የሚያድነው። ይህን የነገራቸው ሰው ስለሌለ ብቻ፣ ወላጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩ ልጆች አጥንት ድረስ የዘለቀ ቁስል ይዘው ይመጣሉ። ፍርድ ቤት አስገድዶ ያመጣው ልጅማ እንዴት አድርጎ ያገላብጣል?

ሁለተኛ፣ ጡረታዬን ማን ይክፈልልኝ ላልሽው፣ በጀርመን ቤተሰቡን ቤት ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት የሚያስታምም ሰው፣ መስፈርቱን ካሟላ፣ የእንክብካቤ መድኑ (አስታማሚ ለሚያስፈልገው ሰው የሚከፍለው ኢንሹራንስ) የጡረታ መዋጮ ይከፍልለታል። ጃፓን ደግሞ በ2000 የራሷን መድን ጀመረች። ዕድሜው 40 የሞላ ሁሉ ያዋጣል። ገላ የሚያጥብ፣ የሚያነሳ የሚያስተኛ ባለሙያ ቤት ድረስ ይመጣል፤ አብዛኛው ተጠቃሚ ከወጪው 10 በመቶውን ነው የሚከፍለው።

ሰፈርተኛ፦ እነሱማ አላቸው። የሌለው አገር ምን ያድርግ? ገቢው ለልጆቹ እንኳ የማይበቃ ሰው፣ ለአባትህ ጨምር ቢባል ከማን አፍ ነው የሚነጥቀው?

የሕግ ሰው፦ ለዚህም መልስ አለው። በጀርመን ልጅ ለወላጁ ግዴታ አለበት። ግን ከ2020 ወዲህ መንግሥት ለእንክብካቤ የከፈለውን ከልጁ የሚጠይቀው ዓመታዊ ገቢው ከ100,000 ዩሮ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። የገቢውን ወለል ከየት እንደምታደርገው ነው ጉዳዩ።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። 74 ዓመቴ ነው። ስለ እኛ ነው የምትነጋገሩት፣ እኛን የጠየቀን ግን የለም። ለመሆኑ ወላጅ ልጁን ይከሳል ብላችሁ ነው? ጦሙን አድሮ እንኳ ስልክ ሲደወልለት «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። እኔ ከልጄ ቀለብ አልፈልግም። ከራሴ ኪስ የማወጣት ትንሽ ነገር ትኑረኝ። የልጅ ልጅ ሲመጣ እጄ ባዶ እንዳይሆን።

ሲስተር፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 6 ሰዎች አንዱ በዓመት ውስጥ የሆነ በደል ይደርስበታል ይላል። ከ24 በደሎች የሚነገረው ግን አንዱ ነው። የሚበድለው ብዙ ጊዜ የራስ ሰው ስለሆነ አፍ አይከፈትም።

ቀና ሰው፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለዚሁ ነው እኮ የሕንዱ ሕግ ሌላ ሰው ስለ ወላጁ ሆኖ እንዲያመለክት የሚፈቅደው። ጉዳዩን የሚያየው አካል ራሱም ማንም ሳይከስ ማንሳት ይችላል። እርስዎ መክሰስ አይጠበቅብዎትም።

ጡረተኛው፦ ይሁን። ከዚያ በኋላ ግን ያ ልጅ ደጄን ይረግጣል?

ዝምታ፦ ድሮስ መቼ ረገጠ፣ ጋሼ?

ቀና ሰው፦ እኔ ከ«ይክፈል» አልወርድም። ግን ሦስተኛዋ ልጅ ያለችውን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ልጨምርበት። የማያስታምመው ልጅ ለወላጁ ብቻ ሳይሆን ለምታስታምመዋ እህቱም ይክፈል። እንደ ደመወዝ። የጡረታ መዋጮዋንም ጨምሮ። ሥራዋን ለቅቃ እሷ ናት የእነሱን ድርሻ የተሸከመችው።

የሕግ ሰው፦ ይህን እንኳ ያለ ፍርድ ቤትም መዋዋል ይቻላል። ወንድምና እህት ቁጭ ብለው ማን ምን ያህል እንደሚያዋጣ፣ ማን መቼ እንደሚያድር ይጻፉት። ሰው በቃል ሲሆን ነው የሚረሳው።

ሰፈርተኛ፦ ወንድሞቿስ ምን ይላሉ? እነሱንም ግሩፑ ውስጥ አስገቧቸው እንጂ።

ሦስተኛዋ ልጅ፦ አንዱ እኮ እዚሁ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እያነበበ ነው። እኔ ስናገረው ንዝንዝ ይመስለዋል፤ ቅዳሜ ማታ ተራው የሱ እንደሆነ እስቲ እናንተ ንገሩልኝ።