እንግዳ ሲመጣ በደች (በሆላንድ ቋንቋ) ምን ይባላል?

ቅዳሜ የልጇ የክፍል ጓደኛ ከነእናቷ ለምትመጣባት እህት ነው ይህን የምጽፈው። “‘ቬልኮም’ ብዬ ዝም ብል ይበቃል?” ብለሽ ነበር። “ቬልኮም” እንኳን ደህና መጣሽ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም እህቴ። እኔ ሞክሬው አይቻለሁ።

ሆላንድ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ከታች ፎቅ ያሉትን አሮጊት ጎረቤቴን ቡና ጠራኋቸው። በሩን ከፍቼ “ቬልኮም!” አልኩ። ከዚያ ቃል አለቀብኝ። እሳቸው ካፖርታቸውን እንደለበሱ ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ እኔም ፈገግ እንዳልኩ ቆምኩ። ኋላ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ካፖርቱን የሚቀበላቸው ሲያጡ አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሐኪም ቤት ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ታቅፈውት ተቀመጡ።

ያን ቀን የጎደለኝ ሦስት አጫጭር ነገር ነው። በር ላይ “ኮም ማር ቢነን”። ቀጥሎ “ዛል ኢክ የ ያስ አንኔመን?” ካፖርትሽን ልቀበልሽ ወይ ማለት ነው። ከዚያ “ኻ ማር ዚተን”፣ ቁጭ በይ።

“ማር” የምትለዋን ቃል ያዢልኝ። መዝገበ ቃላት “ግን” ብሎ ይፈታታል። እዚህ ቦታ ግን “ግን” አይደለችም። “ኮም ቢነን” ብቻ ካልሽ “ግቢ” ነው፤ ስህተት የለውም፣ ትንሽ ይደርቃል። “ማር” ስትገባበት “ኧረ ግቢ” ይሆናል። “ኻ ዚተን” አስተማሪ ለሚያስቸግር ልጅም ይለዋል፤ “ኻ ማር ዚተን” ሲሆን ይለሰልሳል። ትምህርት ቤት ባቡር ጣቢያው የት እንደሆነ መጠየቅ ነው የተማርኩት። “ማር”ን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው።

ደስ ማለትሽን ለመግለጽ “ቫት ሌክ ዳት የ ኤር ቤንት” በይ። በመምጣትሽ ደስ ብሎኛል እንደማለት ነው። “ሌክ” ስትይ ከንፈርሽን ልታፏጪ እንደሆነ አሹይው፣ ድምፁ ራሱ ይመጣል። “ኻ”ን ደግሞ ከጉሮሮ አውጪው። ትግርኛ የምትችሉ እዚህ ላይ ቀድማችሁናል።

“የ” አንተና አንቺ ነው። እኩያሽ ለሆነች እናት እሱ ይበቃል። ለአዛውንት በ“ዩ” ጀምሪ፣ እርስዎ ነው። ብዙዎቹ ወዲያው “ዜኽ ማር የ” ይሉሻል፣ አንቺ በይኝ እንደማለት። ጎረቤቴም በሁለተኛው ቀን ብለውኛል። እስካሁን አፌ እምቢ ብሎኝ “ዩ” እንዳልኩ አለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። “ቪል የ ኮፊ ኦፍ ቴ?” ቡና ወይስ ሻይ? ይህን መጠየቁ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው መልሱ ላይ ነው።

ጎረቤቴ በተራቸው ጠሩኝና ይህንኑ ጠየቁኝ። “ዳንክ ዩ” አልኩ። እኔ እኮ “እግዜር ይስጥልኝ፣ እሺ” ማለቴ ነው! እሳቸው “አልፈልግም” ብለው ሰሙት። አንድ ሲኒ ብቻ ቀድተው መጡና ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ፉት ማለት ጀመሩ። አሁን ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ በይሉኝታ ጠበቅኩ። ማን ሊጠይቀኝ! ቡናው እየሸተተኝ ስለ ዝናብ አወራን። ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ጀበና ጣድኩ።

እዚህ አገር አንድ ነገር ሲቀርብልሽ “ዳንክ የ” ብቻ ካልሽ፣ አብዛኛው ሰው እምቢ እንዳልሽ ነው የሚረዳው። ከፈለግሽ “ያ፣ ኽራኽ”፤ ካልፈለግሽ “ኔ፣ ዳንክ የ”። እንግዳሽም እንደዚያው ነች። “ኔ” ካለች በይሉኝታ አይደለም፣ አልፈለገችም። ሦስት ጊዜ አትለምኛት። “በሞቴ” እና “አፈር ስሆን” በደች የሉም። አንዴ “በሞቴ”ን ቃል በቃል ተርጉሜ ጎረቤቴ ደንግጠው ታምሜ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይልቅ “ፓክ ኸረስት ኖኽ ቫት” በይ፣ ሳትሳቀቂ ጨምሪ ማለት ነው። ሳህኑን መሃል አስቀምጪና እጅሽን ሰብስቢ። ለእኛ ሰው ይህ ከቋንቋው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እናቴ ብታየኝ ታፍርብኝ ነበር።

ቡና የምታፈዪ ከሆነ ደግሞ ሦስት ዙር እንደሆነ አስቀድመሽ ንገሪያት፦ “ድሪ ሮንደስ”። አለበለዚያ ከአቦል በኋላ ጭኗን በሁለት እጇ መታ አድርጋ “ናው፣ ቨ ኻን ማር ኤንስ” ትልሻለች። በሉ እንሂድ ነው። (አየሻት “ማር”ን? እዚህም አለች።) “ብሌይፍ ኖኽ ኤፈን”፣ ትንሽ ቆዩ፣ አንዴ ማለት ያምራል። ከዚያ ተዪያት።

እራት ልታበያቸው ካሰብሽ “ብሌይፈን ዩሊ ኤተን?” ብለሽ ከቀኑ በፊት ጠይቂ። እዚህ ብዙ ቤት እራት የሚቀርበው 18:00 አካባቢ ነው፣ በእኛ 12 ሰዓት። ሰዓቱ ሲቃረብ ተነስታ ብትሄድ አኩርፋ እንዳይመስልሽ። ድንች የሚጠብቃት ቤት አለ።

ስትሸኛት “ቬል ታውስ” በያት። በሰላም ግቡ ነው። “ታውስ” እና “ታይስ” መካከል ያለ ድምፅ ነው፣ ብትስቺውም ይገባታል። እኔ ይህን የተማርኩ ቀን ጎረቤቴን ደረጃው ድረስ ሸኝቼ በኩራት “ቬል ታውስ!” አልኳቸው። የእሳቸው ቤት እኮ አንድ ፎቅ ታች ነው። ብረቱን ይዘው እስኪበቃቸው ሳቁና ወረዱ። በራቸው ሲከፈት ሰማሁ። ከታች ጮክ ብለው “ደርሻለሁ!” አሉኝ።