ቢራን በሎሚ ቀላቅሎ ለእንግዳ ማቅረብ ይገባል ወይስ አይገባም?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦ ጥር 11 ቀን ታቦታቱን ሸኝተው ከፋሲለደስ መዋኛ በፀሐይ የሚመለሱ ዘመዶቼ ቤቴን ይሞሉታል። ዘንድሮ ከጠላው ጎን ቀዝቃዛ ቢራ በሎሚ ጭማቂና በአምቦ ውሃ ቀላቅዬ ላቀርብ አስቤአለሁ። ታላቅ እህቴ ግን «መጠጥ እንደ ለስላሳ ከጣፈጠ ልጆቹ ይለምዱታል» ብላ አጥብቃ ተቃወመችኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ከፒያሳ፦ እኔ እደግፈዋለሁ። ጀርመኖች ራድለር፣ እንግሊዞች ሻንዲ የሚሉት መጠጥ ከዚሁ ዓይነት ነው። የአልኮል መጠኑ በመቶ 5 የሆነ ቢራ በእኩል መጠን ከሎሚ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ወደ 2.5 ይወርዳል፤ ስለዚህ ውሃ የጠማው ሰው አንድ ብርጭቆ ቢጠጣ የሚያገኘው አልኮል ንጹሕ ቢራ ከሚጠጣው በግማሽ ያነሰ ነው። አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማር በቀዝቃዛ ነገር ቶሎ ስለማይሟሟ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር አስቀድሞ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ ፍሬው የወጣለት የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይጨመርበትና ይቀዘቅዛል። ቢራው በመጨረሻ፣ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ በቀስታ ይቀዳል፤ በማንኪያ ከተማሰለ ጋዙ ወጥቶ ያልቃል። በረዶ ባይገባበት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም እየቀለጠ ጣዕሙን ያቀጥነዋል።

ከማራኪ፦ ወንድሜ፣ ስሌትዎ ለአንድ ብርጭቆ እውነት ነው፤ ለአንድ ግብዣ ግን አይሠራም። በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ ለሁለት ብርጭቆ ሲከፈል በእያንዳንዱ 8.25 ይደርሳል፤ እንግዳው ሁለቱን ከጠጣ ደግሞ ጠርሙሱን ጨረሰ ማለት ነው። ጣፋጭ ነገር ደግሞ ሦስተኛውን ያስከትላል። የቢራ ምሬት፣ እንደ ጠላው ጌሾ ሁሉ፣ ጠጪውን የሚገታ ልጓም ነው፤ ሎሚና ማር ይህን ልጓም ይፈቱታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮል ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። መጠጥ ቤቱ የማይሸጥለትን ልጅ እኛ በገዛ ቤታችን በጣፋጭ ብርጭቆ ልናለማምደው አይገባም። የእህትዎ ስጋት ትክክል ነው።

ከጨጨላ፦ ጠላ ያለበት ቤት ሌላ ቅልቅል አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ጌሾና ብቅል ያቆዩልንን በጠርሙስ መለወጥ ያሳዝነኛል።

ከፒያሳ፦ የማራኪውን ስሌት እቀበላለሁ። ሆኖም ስህተቱ ቅልቅሉ ላይ አይደለም፤ ያለ ልክ በማንቆርቆሪያ አድርጎ እየዞሩ መቅዳት ላይ ነው። በየመጠጥ ቤቱ ቱርቦ የሚሉት፣ ቢራን ከወይን ጠጅና ከለስላሳ የሚያደባልቀው መጠጥ፣ አልኮል በአልኮል ላይ ይጨምራል፤ የሎሚው ግን ውሃ እንጂ ሌላ አልኮል አይጨምርም። ሁለቱን አንድ አድርጎ መፍረድ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅልቅሉን ለአዋቂዎች ብቻ፣ እንግዳው ፊት እየቀዳሁ፣ ለአንድ ሰው ከአንድ ጠርሙስ ሳላሳልፍ አቀርባለሁ። ለልጆቹ ማርና ሎሚ በአምቦ ውሃ፣ ያለ ቢራ፣ በሌላ ዓይነት ብርጭቆ ይዘጋጃል፤ አንዱ በሌላው እንዳይሳሳት መለየቱን ራሷ እህቴ ትቆጣጠራለች። ጠላውም አይቀርም፤ ጌሾው ተወቅጧል።