ታቦርን በብስክሌትና በእግር፦ ሰንሰለት እየወለቀ፣ ጎማ እየተነፈሰ ተቸገርኩ

ብስክሌተኛዋ፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ቅዳሜ እስከ ታቦር ተራራ ግርጌ በብስክሌት፣ ከዚያ እስከ ጫፉ በእግር ልወጣ ነው። ጎማው 26 ቁጥር፣ ባለ ማርሽ ነው። ዳገት ላይ ማርሽ ስቀይር ሰንሰለቱ ይወልቃል፤ የኋላው ጎማም በሳምንት ሁለቴ ይተነፍሳል። ምን ላድርግ?

ካቻቢቴ፦ እህቴ፣ ፔዳሉን በኃይል እየረገጡ ማርሽ መቀየር ሰንሰለቱን ያዘልለዋል። ገና ሜዳው ላይ እያለሽ ከፊት ትንሿን፣ ከኋላ ትልልቆቹን ጥርሶች አስገቢ። ከኋላ ትልቋን አልፎ ወደ ቸርኬው ሽቦ የሚወድቅ ከሆነ ግን ጥፋቱ የማስተካከያው ነው። ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ በሚያዛውረው የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ላይ «ኤል» (L) የተጻፈበትን ብሎን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አጥብቂና ሞክሪ። ሳይስተካከል ዳገት አትውጪበት፤ ሽቦውን ይበጥሳል።

ጎሚስታው፦ ከመነዳሪውን (የውስጡን ጎማ) ነፍተሽ ውኃ ውስጥ ንከሪውና ቀዳዳውን እዪ። አንድ ነጠላ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ነው። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ ስለሚቀር አዲስ ከመነዳሪ ብታስገቢም መልሶ ይወጋዋል። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳሺ፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ እሾሁን በጉጠት ንቀዪ። ስትለጥፊ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሪ፣ ማስቲሹን በስሱ ቀቢና 5 ደቂቃ ያህል ጠብቂ። እርጥቡ ላይ የተለጠፈ ይንሸራተታል።

ብስክሌተኛዋ፦ አየሁት፤ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ናቸው።

ጎሚስታው፦ እንግዲያው እሾህ አይደለም። ነፋሱ አንሶ ድንጋይና ቸርኬ መሃል ተቆንጥጧል። እስከ 40 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ንፊው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጠጠር ላይ ያንሸራትታል።

የጠዋት ተጓዥ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሺ፤ 4 ሰዓት ሳይሞላ ውረጂ፤ ፀሐዩ ይከብዳል። 2 ሊትር ውኃ ያዢ። ብስክሌቱን ግርጌው ላይ ሰው ሲጠብቀው ተዪ፤ ቁልፉም ቸርኬውንና የብስክሌቱን ቋሚ አንድ ላይ ይያዝ። ስትወርጂ ልቅ ጠጠሩ ላይ ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ በጎን፣ በአጭር እርምጃ ተራመጂ። ከወረድሽ በኋላ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ቅርብ ነው፤ ዓሣውን ብዪ። አመሻሽ ላይ ግን በሐይቁ ዳር ሣር አትሂጂ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነው።

ካቻቢቴ፦ ከመነሳትሽ በፊት ፍሬኑንም ፈትሺ። የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን እንጂ ውጭውን ጎማ መንካት የለበትም፤ ከነካ ቁልቁለት ላይ ቆርጦት ይፈነዳል።